ዝናቡ ካባራ በኋላ ያለው ጠዋት

ባለፈው ክረምት ነው። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ቤት የሚያሠራ ወዳጅ አለኝ፤ በማለዳ ሄጄ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። እኔ ስደርስ ግን ፀሐይዋ ወጥታ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ድሬ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆናለች። ለመሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሰባት ስምንት የቀን ሠራተኞች አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ፎርማኑ ቸኩሏል። ትናንት ከሰዓት ሥራ ቆሞበታል፤ ሚክሰሩን ደግሞ ለነገ ተከራይቷል።

ልጆቹ ሊወርዱ ሲሉ አንድ ጠና ያሉ ቆፋሪ «ቆይ አቦ!» አሉ። ጎንበስ ብለው መሬቱን አሳዩ። ከጉድጓዱ ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ገባ ብሎ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ከጠርዙ ጋር ጎን ለጎን ሦስት ሜትር ያህል ይሄዳል። ጣታቸውን ቢከቱበት እስከ አንጓው ገባ።

«አባባ፣ ይሄማ ፀሐይ የሰነጠቀው ነው» አለ ፎርማኑ።

«ፀሐይ በመስመር አይሰነጥቅም ልጄ።»

ወዳጄ ገባውና ሥራውን አስቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ላይ ያ አፈር ከነስንጥቁ ተገምሶ ጉድጓዱ ውስጥ ተኛ። ድምፁ እንኳ ያን ያህል አልነበረም። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ከትከሻ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ነው።

ስለ ግንባታ ደህንነት የሚለጠፈው ነገር አብዛኛው ከውጭ እንዳለ የመጣ ነው። አንድ ሳይት በር ላይ ያየሁት ፖስተር አይረሳኝም። ወፍራም ጃኬት የለበሰ ሠራተኛ በረዶ ይጠርጋል። ድሬ ላይ ጃኬት የደረበ ሰው ካያችሁ ወይ አሞታል፣ ወይ ወደ ሐረር ሊሳፈር ነው። የኛ ክረምት ሌላ ነው። ከተማዋ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ ተቀምጣለች። በዓመት የምታገኘው ዝናብ የአዲስ አበባን ግማሽ ቢያክል ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ትንሽ ይጥላል፣ ከዚያ ሐምሌና ነሐሴ ይመጣል። አንዴ ሲመጣ ግን ቀስ ብሎ አይደለም። አንድ ሰዓት እንደ ጉድ ይወርዳል፣ ከዚያ ፀጥ።

በዚያች አንድ ሰዓት ሳይት ላይ ብዙም ሰው አይጎዳም። ሁሉም ሮጦ ቆርቆሮ ሥር ይገባል። ችግሩ የሚጀምረው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ያኔ ሁሉም ሰማዩን አይቶ «አለፈ» ይላል።

ለምን ያን ጠዋት እንደሚቸኮል ማየት ያስፈልጋል። ዝናብ ሲጥል ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ክፍያ የለም። የትም ተጽፎ አላየሁትም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ትናንት ግማሽ ቀን የተቆረጠበትን ልጅ ዛሬ ጉድጓዱ አያስፈራውም። የሚያስፈራው የማታው ራትና የአልጋ ኪራይ ነው። ፎርማኑም ከላይ ይገፋል። ኮንትራክተሩ የማስረከቢያ ቀን አለበት፣ ካሳለፈ ይቀጣል። የኪራይ ማሽን ቆሞም ይቆጥራል። እንግዲህ ሁለቱም ወገን፣ ከፋዩም ተከፋዩም፣ ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ መሬቱ በጣም በማይታመንበት ጠዋት ላይ እኩል ይጣደፋሉ። ሳይት ላይ አደጋ ሲደርስ «ግዴለሽነት ነው» ማለት ይቀናናል። እኔ ግን ከግዴለሽነቱ ይልቅ ይህ የክፍያ ልማድ ነው የሚታየኝ።

የሚገርመው ሕጉ በዚህ ነገር ላይ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ የመሣሪያ ወይም የጥሬ ዕቃ አቅርቦት በመቋረጡ፣ ወይም በእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙ ይገባዋል ይላል። ዝናቡን ያዘነበው የቀን ሠራተኛው አይደለም መቼም። ግን የግማሽ ቀን ሒሳብ ይዞ ሊከራከር የሚሄድ ማን አለ? ሄዶ እስኪመለስ ሌላ ሁለት ቀን ይቃጠልበታል።

ብልህ ኮንትራክተር ሌላ መንገድ አለው። ለዝናብ ቀን የሚሆን ሥራ አስቀድሞ ያስቀምጣል። ከለላ ሥር ሆኖ ፌሮ ማጠፍ፣ ከአሮጌ ጣውላ ሚስማር መንቀል፣ የሚሠራና የማይሠራ እንጨት መለየት። ልጁ ገንዘቡን አገኘ፣ ጠዋት ላይም አይቸኩልም። እንደኔ እንደኔ ይቺ ግማሽ ቀን ክፍያ ከአንድ ካርቶን ሄልሜት በላይ ሰው ታድናለች። ሄልሜት ይቅር ማለቴ አይደለም። የተገመሰ አፈር ግን በሄልሜት አይመለስም።

አፈሩን እንመልከተው። የድሬ መሬት ጎርፍ ያመጣው አሸዋና ጠጠር የበዛበት ነው። ደረቅ ሲሆን እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሁለት ሜትር ተቆፍሮ ምንም ድጋፍ ሳይደረግለት ሳምንት ይከርማል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይሄ ነው። ውኃ ሲጠጣ ግን አሸዋውን ያያያዘው ነገር ይላላል፣ ክብደቱም ይጨምራል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ቪትስ መኪና ከነሹፌሯ ብትመዘን አትደርስበትም። ደረቱ ድረስ የተቀበረ ሰው ጭንቅላቱ ውጭ እያለ እንኳ መተንፈስ ያቅተዋል፤ አፈሩ ደረቱን አያስነሳውም። ጓደኞቹ ደግሞ ሊያወጡት ዘለው ይገባሉ፣ የቀረው ጠርዝ እነሱ ላይ ይወርዳል።

የተቆፈረው አፈር የት ነው የሚከመረው? አብዛኛው ሳይት ላይ እዚያው አፋፉ ላይ። መወርወር ስለሚቀል ነው። ሌሊት ዝናቡን የሚጠጣው መጀመሪያ ያ ክምር ነው። ጠዋት ላይ ጠርዙ ላይ ስንት ቶን እርጥብ አፈር እንደተቀመጠ አስቡት። ክምሩን ቢያንስ አንድ ሜትር ከጠርዙ ማራቅ፣ የደረት ቁመት ካለፈ ጎኑን አጋድሞ መቁረጥ ወይም በጣውላና በሞራሌ መደገፍ፣ መውጫ መሰላል ቅርብ ማቆም፤ ከዚህ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቅ የለም። ከዝናብ ማግስት ደግሞ ማንም ከመውረዱ በፊት አንድ የሚያውቅ ሰው ዙሪያውን ይዙር። እንደ እኚያ አባት መሬቱን በጣቱ የሚጠይቅ ሰው።

ጉድጓዱ ውስጥ ውኃ ከተኛም በፓምፕ ይሳባል። ፓምፑ በኤሌክትሪክ ነው። ኬብሉ ሦስት ቦታ ተቀጥሏል። ቅጥሉ በምን ተጠቅልሏል? በፌስታል። ይህን በዓይኔ ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ልጁ ባዶ እግሩን ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ የፓምፑን አፍ ያስተካክላል፣ 220 ቮልቱ ከጎኑ ጭቃ ላይ ተጋድሟል። ደረቅ እጅ «ነዘረኝ» ብሎ የሚያልፈው ነገር እርጥብ ገላን ይዞ አይለቅም። ለዚህ የተሠራ ብሬከር አለ፤ ኤሌክትሪሻኖች ኧርዝ ሊኬጅ ይሉታል። 30 ሚሊ አምፔር የምታህል ትንሽ ፍሳሽ ስታልፍ በቅጽበት ያጠፋል። ዋጋው ከአንድ ቀን የሚክሰር ኪራይ ጋር ቢተያይ የሚያሳቅቅ አይደለም። ብሬከሩ እስኪገዛ ድረስ ደግሞ ቀላሉ ሕግ ይሄ ነው፦ ፓምፑ ሲሠራ ውኃው ውስጥ ሰው አይኖርም። ሰው ሲገባ ፓምፑ ይነቀላል።

መወጣጫውንም ጠዋት መነካካት ነው። የአጠናው እግር የቆመው አፈር ላይ ነው፤ ሌሊቱን አንዱ እግር አራት ጣት ያህል ሰምጦ ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ቢነጠፍ አይሰምጥም። እንጨት ደግሞ ረጥቦ ያብጣል፣ ድሬ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ እንደገና ይረጥባል። ሚስማሩ በዚህ መሀል ይላላል። ሶሌታውን፣ ማለትም የፎቁን ወለል አርማታ፣ የተሸከሙት ድጋፎችም ያው ናቸው። ከዝናቡ በፊት ስለሚነሳው ነፋስ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጣሪያ ላይ ቆርቆሮ የያዘ ሰው አቧራው ከሩቅ ሲነሳ ካየ ቆርቆሮውን ያስቀምጥ፣ ይውረድ። ነፋስ የያዘው ቆርቆሮ ሸራ ነው፤ ሰውየውን ይዞት ይሄዳል።

ቀጥሎ ቀኑ ይገሰግሳል። አምስት ስድስት ሰዓት ላይ መሬቱ የጠጣውን ውኃ መልሶ ያተነዋል። ድሬን የማያውቅ ሰው «ክረምት ስለሆነ ቀዝቀዝ ይላል» ብሎ ያስባል። ተሳስቷል። ሙቀቱ በሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፣ አየሩ ደግሞ እርጥብ ነው። ላብ የሚያበርደን ሲተን ነው፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም። ሠራተኛው ውስጡ እየጋለ ይሄዳል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ነው። ንግግሩ ከተደነባበረ፣ አቅጣጫ ከጠፋው ግን ነገሩ ከባድ ነው። ጥላ ሥር አስተኝቶ ውኃ ማፍሰስና ቶሎ ወደ ሐኪም መውሰድ እንጂ «ትንሽ ይረፍ» አይሠራም።

ውኃ በየሃያ ደቂቃው አንድ ኩባያ ይጠጣል፣ ሳይጠማ። ሳይጠማ የምለው በምክንያት ነው። ከሰዓት ላይ ጉንጩን ወጥሮ የሚሠራ ሰው ጥሙንም ድካሙንም አይሰማም። ምርቃናው ያበረታዋል፣ ልቡ ግን ከወትሮው በላይ ትሠራለች። ስለ ጫት ድሬ ላይ ቆሞ መስበክ እንደማያዋጣ አውቃለሁ። እኔም ከነበርጫው ያደግሁ ነኝ። ግን ሶስተኛ ፎቅ ጠርዝ ላይ በምርቃና መሥራት ሌላ ነገር ነው። ይልቅ ከባዱን ሥራ በጠዋት ጨርሶ፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ለጥላ መተው ይሻላል። የጥንቱ የድሬ ሰው ቀኑን የሚከፍለውም እንዲሁ ነበር።

አሁን ሳምንት እንለፍ። ሳይት ላይ በርሜል አለ። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ በርሜል፣ ገንዳ፣ በላስቲክ የተነጠፈ ጉድጓድ ሁሌም ሞልቶ ይቆያል። ዝናቡም ይጨምርበታል። ትንኝ እንቁላሏን ጥላ ከዚያ ውስጥ የሚበር ትንኝ እስኪወጣ ደግሞ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ይበቃል። ሒሳቡ ገጠመ ማለት ነው።

ይህ ለድሬ ተረት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ደንጊ የሚባለው ትኩሳት ከተማዋን መታ። በ2011 ክረምት ማብቂያ ላይ ቺኩንጉኒያ መጣ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጉልበቱንና አንጓውን ይዞ ተኛ። እኛ ሰፈር ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ጠፍቶ ነበር። ሁለቱንም የምታመጣው ትንኝ ቀን ነው የምትናከሰው። አጎበር አያግዝም፤ በሥራ ሰዓት፣ በርሜሉ አጠገብ ነው የምታገኘው። በ2014 ደግሞ ወባ ከልማዷ ውጪ በበጋ ተነሳች። ተመራማሪዎች ያገኙት አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የተባለችውን ትንኝ ነው። ከእስያ የመጣች ናት። ጅቡቲ ከኛ በፊት አይታታለች። እንደ ቀድሞዋ የወባ ትንኝ የገጠር ረግረግ አትፈልግም። የከተማ በርሜልና የግንባታ ገንዳ ይመቻታል።

ስለዚህ የበርሜል ክዳን የደህንነት ዕቃ ነው። እንደ ሄልሜቱ መቆጠር አለበት። ክዳን ከሌለ ጨርቅ ጠፍሮ ማሰር ነው። ካልሆነም በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሁሉንም ደፍቶ ግድግዳውን አሽቶ ማጠብ። እንቁላሉ በርሜሉ ጎን ላይ ይጣበቃል፤ መድፋት ብቻ አይበቃውም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የማን ኃላፊነት ምኑ ነው? አዋጁ ግልጽ ነው። አሠሪው አደጋውን ለሠራተኛው ማስረዳት፣ የአደጋ መከላከያ ዕቃ ሰጥቶ አጠቃቀሙን ማሳየት፣ የደህንነት ኃላፊ መመደብ፣ የደረሰ አደጋን መዝግቦ ለቁጥጥር አካል ማሳወቅ አለበት። ሠራተኛው በሥራ ላይ ከተጎዳ ደግሞ አሠሪው ጥፋት ኖረበትም አልኖረበትም ተጠያቂ ነው። ጉዳቱ ጊዜያዊ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ ለስድስት ወር ከ50 በመቶ የማያንስ ይከፈለዋል። አንድ ሠራተኛ ለሕይወቱ የሚያሰጋ ነገር እንዳለ አሠሪው እያወቀ ካላስተካከለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅም ይችላል። የመጨረሻዋ መብት ለቀን ሠራተኛ ምን ትፈይዳለች? እሱማ በየማታው እንደለቀቀ ነው።

ኃላፊነቱ ግን እዚህ ጋር ይሸሻል። ዋናው ኮንትራክተር ቁፋሮውን ለሳብ ኮንትራክተር ይሰጣል። ሳቡ ለአንድ አለቃ በሜትር ያስይዛል። አለቃው ጠዋት ልጆች ይለቅማል። የልጁን ስም ማንም አይጽፍም፤ ሲወድቅ የማን ሠራተኛ እንደነበር ማስረዳት የሚጀመረው ሆስፒታል በር ላይ ነው። አዋጁ በጽሑፍ ያልተደረገ ውል ቢሆን አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ወረቀት ይስጠው ይላል። ወረቀቱ ቢቀር ቢቀር የአለቃው ደብተር ላይ ስም፣ ቀን፣ የቤተሰብ ስልክ ይጻፍ። ይቺ ደብተር ፍርድ ቤት ስንት ነገር እንደምታሳይ የደረሰበት ያውቀዋል።

በክረምት ደግሞ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ለደብተርና ለጫማ ብለው ሳይት የሚገቡ ልጆች ይበዛሉ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለውን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራትም፣ አደገኛ ሥራ ላይ ማሰማራትም አይቻልም። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀጭንና ፈጣን ልጅ ማውረድ ይቀናቸዋል አለቆቹ። አይሆንም።

እስካሁን ያወራሁት ሳይቱ ላይ ስለጣለው ዝናብ ነው። ድሬን ሁለት ጊዜ እንድትጠነቀቅ የሚያደርጋት ግን ያልጣለባት ዝናብ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሰው ተኝቶ ሳለ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ውኃው የተጠራቀመው ከላይ፣ ደጋው ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ተሠርቷል፣ ማስጠንቀቂያም ይነገራል። ወንዙ ግን ያው ደረቅ አሸዋ መስሎ ነው የሚውለው። ከዚራ ሰፈርን ከመጋላ ሰፈር የሚለየውን ያን አሸዋ ስንቱ በእግሩ አቋርጦት ያልፋል።

ግንባታው የሚፈልገው አሸዋ ከየት ይመጣል? ከእንዲህ ዓይነት ደረቅ ወንዞች ውስጥ ነው። ልጆቹ ወንዙ መሀል ገብተው አይሱዙ ላይ በአካፋ ይጭናሉ። አጥር የለም፣ ፎርማን የለም፣ የሳይት ሠራተኛ ብሎ የሚቆጥራቸውም የለም። ከሌላ አገር የመጣው ልጅ ደግሞ ደረቅ ወንዝ እንደሚገድል አያውቅም። ሰማዩ እላዩ ላይ ጠርቷል። ጉልበት የደረሰ ፈጣን ውኃ ጎረምሳ ይጥላል፣ ያውም ድንጋይ እያንከባለለ ሲመጣ። ሌሊት ዕቃ ለመጠበቅ ብለው ወንዝ ዳር ያለ ሳይት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚያድሩትም አሉ። ለእነሱ ማደሪያው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን ማለት ብዙ መጠየቅ አይደለም።

ገንደ ቆሬ በኩል፣ ወንዝ ዳር የድንጋይ ግንብ የሚያሠራ ፎርማን አግኝቼ ነበር። ሐምሌና ነሐሴን ስልኩን ከእጁ አያወጣም። ከላይ ደጋው ላይ፣ ደንገጎ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ያለው ልጅ አለው። እዚያ ሲጠቁርና ሲወርድ ልጁ ይደውላል። ፎርማኑ ያፏጫል፣ ሁሉም ዕቃውን ጥሎ ይወጣል።

«ስንት ትከፍለዋለህ?» አልኩት።

«ካርድ ነው የምልክለት፤ በወር መቶ ብር።»

«ደውሎልህ ያውቃል?»

«አምና ሦስት ጊዜ። ሁለቱን ወጥተን ቆመን ቀረን፣ ውኃው አልመጣም። ልጆቹ ሳቁብኝ።»

«ሦስተኛውስ?»

«አንድ የእጅ ጋሪና ስድስት ሞራሌ ወሰደብኝ» አለ፣ ስልኩን እያየ።